እምቢተኛ ነው ወይስ አይችልም?
(በማኅፀን ሳለ አልኮል የጎዳው ልጅ አስተዳደግና መብቱን ስለ ማስከበር)

መምህሩ «ደብተርህን አውጣ፣ ገጽ 40ን ግለጥ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ሠርተህ አሳየኝ» ይሉታል። ተማሪው ደብተሩን ያወጣና ዝም ብሎ ይቀመጣል። ትናንት አሳምሮ የሠራው ሒሳብ ዛሬ ከነጭራሹ አይቶት እንደማያውቅ ይሆንበታል። ሲቆጡት ያለቅሳል ወይም ይሥቃል፤ «ለምን?» ሲሉት ያልሆነ ታሪክ ያወራል። እንዲህ ያለውን ልጅ በየትምህርት ቤቱ ሰነፍ፣ ቀጣፊ፣ እምቢተኛ ይሉታል። ይቀጡታል፤ ቅጣቱ ለውጥ ባላመጣ ጊዜም ይጨምሩበታል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር፣ ከነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ እምቢ ያሉ ሳይሆኑ ያልቻሉ መሆናቸውን ነው። ላለመቻላቸውም ምክንያቱ ገና በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ አልኮል በአንጎላቸው ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው። ሐኪሞች ይህን ጉዳት ከነልዩ ልዩ ደረጃው «ፊታል አልኮል ስፔክትረም ዲስኦርደር» ብለው ይጠሩታል፤ እኛ ለማሳጠር «የጽንስ አልኮል ጉዳት» እንለዋለን። «እምቢ አለ» በማለትና «አልቻለም» በማለት መካከል ያለው ልዩነት የቃላት ልዩነት ብቻ አይደለም። ልጁ በትምህርት ቤት መቆየቱ ወይም መባረሩ፣ አልፎ ተርፎም እስር ቤት መግባቱ ወይም አለመግባቱ በዚያ ልዩነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ሀ) ነገሩ እንዴት ታወቀ

አልኮል ጽንስን ይጎዳል የሚል ጥርጣሬ ጥንትም የነበረ ቢሆንም፣ በሕክምና ጽሑፍ ተዘርዝሮ የተገለጠው ግን ብዙ ዘመን አይሆነውም። በ1968 በፈረንሳይ አገር በናንት ከተማ ፖል ለሟን የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው መጠጥ ከሚያዘወትሩ ወላጆች የተወለዱ 127 ልጆችን መርምረው፣ ልጆቹ በመልክ፣ በዕድገትና በጠባይ የሚመሳሰሉበትን ነገር ጻፉ። ጽሑፉ በፈረንሳይኛ፣ ያውም በአንድ የአውራጃ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለወጣ በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው አላየውም።

ከዚያ በኋላ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ክሪስቲ ኡለላንድ የተባሉ ወጣት ሐኪም ክብደት አልጨምር ያሏቸውን ሕፃናት ሲመረምሩ፣ ከእናቶቻቸው ብዙዎቹ መጠጥ የሚያዘወትሩ መሆናቸውን አስተዋሉ። ይህን መነሻ አድርገው ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ የተባሉት ሐኪሞች፣ የሥነ ልቡና ሊቅ ከሆኑት ከአን ስትራይስጉት ጋር ልጆቹን መረመሩ። በ1973 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በዝምድና የማይገናኙና ከሦስት ልዩ ልዩ ዘሮች የተወለዱ 8 ልጆች አንድ ዓይነት ምልክት እንዳላቸው ገለጡ። በዚያው ዓመት ሁኔታው «ፊታል አልኮል ሲንድሮም» የሚል ስም አገኘ። ልጆቹ ከአንድ ዘር አለመሆናቸው ትልቅ ትምህርት ነበር፤ ነገሩ የዘር ሳይሆን የአልኮል መሆኑን አመልክቷልና።

ቆይቶ ደግሞ በመልካቸው የሚታወቁት ልጆች ጥቂቶቹ ብቻ እንደሆኑ ተረዱ። አብዛኞቹ መልካቸው እንደማንኛውም ልጅ ሆኖ፣ ጉዳቱ በአንጎላቸው ውስጥ ተሰውሮ የሚኖር ነው። በ2017 በታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በዓለም ላይ ከ1,000 ልጆች ወደ 8 የሚጠጉት ይህ ጉዳት እንዳለባቸው ተገምቷል። በእርግዝናቸው ጊዜ አልኮል ከጠጡ 13 ሴቶች መካከልም የአንዲቱ ልጅ ጉዳት እንደሚያገኘው ይኸው ጥናት ገምቷል። በአሜሪካ በአራት አካባቢዎች የተደረገና በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ከአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ቢያንስ ከ1.1 እስከ 5 በመቶ የሚሆኑት ጉዳቱ እንዳለባቸው ገምቷል። ከፍተኛው ቁጥር የተገኘው በደቡብ አፍሪካ ነው፤ ከ1,000 ልጆች 111 ያህሉ ማለት ነው። በዚያ አገር በኬፕ ወይን እርሻዎች የሠራተኛውን ደመወዝ ከፊሉን በወይን ጠጅ የመክፈል ልማድ ነበረ። ልማዱ በሕግ ቢከለከልም፣ ያስለመደው አጠጣጥ ከልማዱ በኋላም ቆይቷል። ከዚህ እንደምንረዳው ጉዳቱ ከአንዲት እናት ጠባይ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ማኅበራዊ ኑሮና የገንዘብ ጥቅምም እጃቸው አለበት።

ለ) አልኮል በጽንሱ ላይ የሚያደርገው

እናት የጠጣችው አልኮል ከደሟ ጋር በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ወደ ጽንሱ ይደርሳል። በጽንሱ ደም ውስጥ የሚገኘው አልኮል በእናቲቱ ደም ካለው ጋር የሚቀራረብ ነው። የእናቲቱ ጉበት አልኮሉን ቀስ በቀስ አፍርሶ ያስወግደዋል፤ የጽንሱ ጉበት ግን ገና ስላልጠና ይህን ለማድረግ አይችልም። በተጨማሪም አልኮሉ ጽንሱ በሚዋኝበት የሽርት ውሃ ውስጥ ገብቶ ይቆያል።

አልኮል በማደግ ላይ ያሉትን የነርቭ ሕዋሳት ይገድላል፤ የተረፉትም ወደ ተገቢ ቦታቸው እንዳይሄዱና እርስ በርሳቸው በሚገባ እንዳይያያዙ ያደርጋል። በተለይ የሚጎዱት ዕቅድ የምናወጣበትና ራሳችንን የምንገታበት የፊተኛው የአንጎል ክፍል፣ ነገርን በማስታወስ ላይ የሚሠራው ክፍል፣ እንዲሁም የአንጎልን ቀኝና ግራ የሚያገናኘው የነርቭ ድልድይ ናቸው።

የፊት ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ እነሱም የዐይን ስንጥቅ ማጠር፣ ከአፍንጫ ሥር ወደ ከንፈር የሚወርደው ጎድጓዳ መስመር መደምደም፣ የላይኛው ከንፈር መሳሳት ናቸው። ፊት የሚቀረጸው በእርግዝና መጀመሪያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። አንጎል ግን ዘጠኙን ወር ሙሉ ያድጋል። ስለዚህ አልኮሉ የደረሰው ፊት ከተቀረጸ በኋላ እንደሆነ፣ አንጎሉ ተጎድቶ ፊቱ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ልጁን ለአደጋ የሚያጋልጠውም ይኸው ነው፤ የማይታይ ጉዳት ሰው አያምንበትም።

ለነፍሰ ጡር «ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም» ተብሎ የታወቀ ልክ የለም። አልኮሉ በቢራ፣ በጠላ፣ በጠጅ፣ በወይን ወይም በአረቄ ውስጥ ቢገኝ ያው አልኮል ነው፤ የሚለያየው መጠኑ ብቻ ነው። ብዙ ሴቶች ደግሞ ማርገዛቸውን የሚያውቁት ከሳምንታት በኋላ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ሐ) ጉዳቱ በልጁ ጠባይ ላይ እንዴት ይታያል

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን በጥንቃቄ እንዲከተሉን እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም የጉዳቱ ምልክቶች ሁሉ ከክፉ ጠባይ ጋር ይመሳሰላሉ።

አንደኛ፣ ልጁ ትእዛዝን የሚሰማው በዝግታ ነው። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ብንነግረው የመጀመሪያውን ይዞ ሌሎቹ ያመልጡታል። ተመልካቹ «እያወቀ ተወው» ይላል።

ሁለተኛ፣ የማስታወስ ኃይሉ ይመላለሳል። ሰኞ የተማረውን ማክሰኞ ያጣዋል፤ ሐሙስ ደግሞ ተመልሶ ይመጣለታል። ተመልካቹ «ሲፈልግ ይችላል» ይላል።

ሦስተኛ፣ የማስታወስ ክፍተቱን ሳያውቀው በሐሳቡ በፈጠረው ነገር ይሞላዋል። ለማታለል ብሎ አይደለም፤ የተናገረውን ራሱም ያምነዋል። ተመልካቹ ግን «ዋሸ» ይላል።

አራተኛ፣ በዐይን የማይታይ ነገር አይጨበጥለትም። «ከግማሽ ሰዓት በኋላ»፣ «የሰው ንብረት»፣ «በሚቀጥለው ሳምንት» የሚሉት ቃላት ትርጉማቸው ይጠፋበታል። ጠረጴዛ ላይ ያገኘውን እስክሪብቶ ባለቤቱ በአጠገቡ ስላልታየው ያነሣዋል። ተመልካቹ «ሰረቀ» ይላል።

አምስተኛ፣ ምክንያትንና ውጤትን ማገናኘት ይቸግረዋል። ጧት ላጠፋው ማታ ቢቀጣ፣ ቅጣቱን ከጥፋቱ ጋር ሳያያይዝ «ዝም ብለው መቱኝ» ብሎ ያዝናል። በሌላ ቀንም ያንኑ ጥፋት ይደግመዋል።

ስድስተኛ፣ ብዙዎቹ ከሚገባቸው በላይ አሳምረው ይናገራሉ። ንግግሩን የሰማ ሁሉ ሐሳቡንም በዚያው ልክ የተረዳ ይመስለዋል። የ18 ዓመት ጎረምሳ እንደ 18 ዓመት እየተናገረ፣ ገንዘብ በመያዝና ጓደኛ በመምረጥ ግን እንደ ትንሽ ልጅ ሊሆን ይችላል።

የአን ስትራይስጉት ቡድን በ1996 ያወጣው ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ጉዳቱ ያለባቸውን 415 ሰዎች ሲያጠኑ፣ የፊት ምልክት ያላቸው በአእምሮ መለኪያ ፈተና በአማካይ 79፣ የፊት ምልክት የሌላቸው 90 አገኙ። የዕለት ተዕለት ኑሮን ለብቻ የመምራት ችሎታቸው በተመሳሳይ መለኪያ ሲታይ ግን 61 እና 67 ብቻ ሆነ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች እርዳታ የሚሰጡት በአእምሮ ፈተና ከ70 በታች ላገኘ ሰው ስለሆነ፣ እነዚህ ሰዎች እርዳታ ለማግኘት «በጣም ዐዋቂ»፣ ያለ እርዳታ ለመኖር ደግሞ «በጣም ደካማ» ሆነው በመካከል ይወድቃሉ። ከ12 ዓመት በላይ ከሆኑት መካከል ወደ 60 በመቶ የሚጠጉት ከትምህርት ቤት ተባረው፣ ታግደው ወይም አቋርጠው ነበር፤ ከሕግ ጋር የተጋጩትም ወደ 60 በመቶ የሚጠጉ ነበሩ።

የዚሁ ጥናት ሌላው ክፍል ግን ተስፋ የሚሰጥ ነው። ጉዳታቸው በልጅነታቸው የታወቀላቸውና በጸና፣ ፍቅር ባለበት ቤት ያደጉት ከነዚህ መከራዎች የማምለጥ ዕድላቸው ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ትምህርት ቤት መባረሩና መታሰሩ ከአልኮሉ በቀጥታ የመጡ አይደሉም። ዓለም ልጁን ሳያውቀው ሲቀር የሚመጡ ናቸው፤ ስለዚህም ሊከለከሉ ይችላሉ።

መ) በቤት ውስጥ

የተጎዳውን የአንጎል ክፍል የሚመልስ መድኃኒት የለም። ወላጅ ሊለውጠው የሚችለው በልጁ ዙሪያ ያለውን ነገር ነው። ዳያን ማልቢን የተባሉ አሜሪካዊት አስተማሪ በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ ዋናው ትምህርታቸው አንድ ነበር፤ ይኸውም ያልሠራውን ዘዴ አጠንክሮ ከመደጋገም ይልቅ ዘዴውን መለወጥ ይሻላል የሚል ነው።

በአገራችን «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይባላል። ተረቱ የሚሠራው ቅጣቱን ከጥፋቱ ጋር አገናኝቶ ለሚማር ልጅ ነው። ማገናኘት ለማይችል ልጅ ግን ዱላ ፍርሃትን እንጂ ዕውቀትን አይጨምርለትም። ለዚህ ልጅ የሚስማማው «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» የሚለው ነው።

ዴብ ኤቨንሰንና ጃን ላትክ የተባሉ ሁለት ሴቶች በ1997 ለአሳዳጊዎችና ለመምህራን ስምንት ቁልፎች አውጥተዋል። በእኛ አነጋገር እንደሚከተለው እንዘረዝራቸዋለን።

1. የሚጨበጥ ቃል መናገር። «ጨዋ ሁን» ከማለት «እጅህን ጠረጴዛው ላይ አድርግ» ማለት።
2. አለመለዋወጥ። እናት፣ አባት፣ አያትና መምህር ለአንድ ነገር አንድ ዓይነት ቃል ይጠቀሙ።
3. መደጋገም። መቶ ጊዜ የተነገረውን መቶ አንደኛ ጊዜ ሳይቆጡ መንገር።
4. የቀን ሥርዓት። መነሣት፣ መታጠብ፣ መብላት፣ መሄድ በየቀኑ በአንድ ተራ ይሁኑ። ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቅ ፍርሃቱ ይቀንሳል።
5. ማሳጠር። አንድ ትእዛዝ፣ ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ፣ ሲጨርስ ሌላ ትእዛዝ።
6. ነገሩን ለይቶ መንገር። «ክፍልህን አጽዳ» ሳይሆን «ልብስህን ቅርጫቱ ውስጥ ክተት»።
7. መልክ ያለው ኑሮ። የሥራውን ተራ በሥዕል ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ለቦርሳው ሁልጊዜ አንድ መስቀያ ማድረግ።
8. ጥበቃ። ዕድሜው ሳይሆን ችሎታው የሚጠይቀውን ያህል ሰው አጠገቡ መሆን።

በዚህ ላይ የምንጨምረው አለ። ጫጫታ፣ የሰው ብዛትና ኃይለኛ መብራት እነዚህን ልጆች ቶሎ ያደክማቸዋል። በሠርግና በበዓል ቀን ልጁ ቢበጠብጥ፣ ከመቆጣት በፊት ጸጥ ወዳለ ክፍል መውሰድ ይበጃል። ልጁ የሚችለውንም መፈለግ ያስፈልጋል፤ ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ በእጅ ሥራ፣ በሙዚቃ፣ እንስሳትን በመንከባከብ፣ ሕፃናትን በመውደድ የታወቁ ናቸው። አሳዳጊውም ሰው ነውና ይደክማል፤ ዘመድና ጎረቤት ልጁን ለጥቂት ሰዓት ቢይዙለት ትልቅ ውለታ ነው።

ሠ) ስለ ልጁ መከራከር

ቤት ውስጥ የተሠራው ሥራ ከደጅ ውጭ በአንድ ቀን ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ወላጅ የልጁ ጠበቃ መሆን ግድ ይሆንበታል። የዚህ ክርክር መንገድ በሕግ ከተዘረጋባቸው አገሮች አንዱ አሜሪካ ስለሆነ፣ ደግሞም በሲያትልና በዋሽንግተን ዲ.ሲ. አካባቢ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ብዙ ስለሆኑ፣ ምሳሌያችንን ከዚያ እንወስዳለን።

በዚያ አገር በ1975 የወጣውና በ1990 ስሙ የተለወጠው የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ሕግ፣ ጉዳት ያለበት ልጅ ሁሉ ያለ ክፍያ የሚስማማውን ትምህርት እንዲያገኝ ያዛል። የጽንስ አልኮል ጉዳት በሕጉ በስም ከተዘረዘሩት የጉዳት ዓይነቶች ውስጥ የለም። ሆኖም «ሌላ የጤና ጉድለት» በሚለው ክፍል ሊገባ ይችላል። መምህሩ ይህን ላያውቅ ስለሚችል ወላጁ ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው እርምጃ ልጁ እንዲመረመር በጽሑፍ ማመልከት ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፣ በኮሪደር ላይ የተነገረ ቃል ማስረጃ አይሆንም። ወላጁ በፈቃዱ ከፈረመ በኋላ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ፣ ወይም ክፍለ ግዛቱ በወሰነው ጊዜ ውስጥ መደረግ አለበት። ልጁ እርዳታ የሚገባው ሆኖ ከተገኘ፣ ወላጁ ባለበት ስብሰባ «አይ ኢ ፒ» የሚባለው የግል የትምህርት ዕቅድ ይጻፍለታል። ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንደገና ይታያል።

ሁለተኛው እርምጃ ለስብሰባው መዘጋጀት ነው። የተለማመዱ ወላጆች በአንድ ገጽ ላይ ልጁ ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚያውከው፣ ሲታወክ ምን እንደሚያረጋጋው ጽፈው ለመምህራኑ ሁሉ ያድላሉ። የሚጠይቁትም ነገር የሚጨበጥ ይሆናል፤ ከበሩና ከመስኮቱ ራቅ ያለ መቀመጫ፣ ያጠረ የቤት ሥራ፣ ተጨማሪ የፈተና ጊዜ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍ አብሮት የሚሄድ ሰው፣ ሲደክመው የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ።

ሦስተኛው ቋንቋን ይመለከታል። በሕጉ መሠረት ትምህርት ቤቱ ወላጁ በስብሰባው የሚባለውን እንዲረዳ ማድረግ አለበት፤ አስተርጓሚ ማቅረብም የዚሁ ክፍል ነው። ልጁን ራሱን ወይም እኅቱን አስተርጓሚ ማድረግ አይገባም። አንድ ልጅ ስለ ራሱ የሚነገረውን ነቀፋ ለእናቱ እንዲተረጉም መጠየቅ ሕሊናውን ይጎዳዋል፤ ትርጉሙም የታመነ አይሆንም።

ከዚህ ጋር ስለ ይሉኝታ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። እኛ መምህርን ማክበር ከቤታችን የተማርን ነን። ከዚህም የተነሣ ብዙ ወላጅ ያልተስማማበትን ወረቀት «መምህሩ ይወቁ» ብሎ ይፈርማል። በስብሰባው ላይ ግን ወላጁ እንግዳ ሳይሆን በሕግ የታወቀ አባል ነው። «ይህን አልተስማማሁበትም፤ ቤት ወስጄ ላንብበው» ማለት መምህሩን መናቅ አይሆንም። አክብሮትና ክርክር አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

አራተኛው ልጁ ተከሶ ሲመጣ ነው። ትምህርት ቤቱ ጉዳት ያለበትን ተማሪ ከ10 የትምህርት ቀን በላይ ለማገድ ሲያስብ፣ ጥፋቱ ከጉዳቱ የመነጨ መሆንና አለመሆኑን ከወላጁ ጋር ተቀምጦ መመርመር አለበት። በርእሳችን የጠየቅነው «እምቢተኛ ነው ወይስ አይችልም?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ስብሰባ የሕግ ጥያቄ ይሆናል። መልሱ «ከጉዳቱ የመጣ ነው» ከሆነ፣ ሕጉ በስም ከለያቸው ከባድ ጥፋቶች በቀር፣ ልጁ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የሚሻሻለውም ዕቅዱ ነው።

ክርክሩ ከትምህርት ቤት በኋላም አያልቅም። እነዚህ ልጆች ጠያቂውን ደስ ለማሰኘት ያላደረጉትን «አዎን፣ አድርጌአለሁ» ሊሉ ይችላሉ፤ በፖሊስ ፊት ይህ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለሕግ ተማሪዎች መንገር አያስፈልግም። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ2012 ጠበቆችና ዳኞች ስለዚህ ጉዳት እንዲማሩ የውሳኔ ሐሳብ ያወጣው ስለዚህ ነው። ልጁም ራሱ ከልጅነቱ «እባክዎ አንድ በአንድ ይንገሩኝ»፣ «አልገባኝም፣ እናቴን ጥሩልኝ» ማለትን መለማመድ አለበት።

ረ) ስለ እናቲቱ

ከዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣ አንድ ችግር አለ። ልጁ የፊት ምልክት ከሌለው፣ ሐኪሞች ጉዳቱን ለይተው ለመናገር እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ አልኮል መጠጣቷን ማወቅ ያስፈልጋቸዋል። እናቲቱ ደግሞ ይህን የምትናገረው የሚሰድባት ሰው ከሌለ ብቻ ነው። ስለዚህ እናትን መክሰስ ክፋቱ በእሷ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ልጁንም ምርመራውን ያሳጣዋል። ምርመራውን ያጣ ልጅ ከላይ የጠቀስነውን ዕድል ሁሉ ያጣል።

ደግሞስ ማንን እንከሳለን? ከእናቶች ብዙዎቹ ማርገዛቸውን ሳያውቁ ጠጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ማንም አልነገራቸውም፤ አንዳንዶቹም በሱስ የታሰሩ ናቸውና የሚያስፈልጋቸው ሕክምና ነው። በእኛም ዘንድ በድግስ ላይ «በሞቴ፣ አንድ ብቻ ቅመሺልኝ» እያለ የሚያስገድደው ጋባዥ የነገሩ ተካፋይ ነው። ለነፍሰ ጡር እንግዳ ያልፈላ ብርዝ ወይም ውሃ አቅርቦ ዝም ማለት ከግብዣው ክብር ምንም አይቀንስም።

ወላጆች ራሳቸው ዝምታውን መስበር ከጀመሩ ቆይተዋል። በ1999 በዘጠነኛው ወር በዘጠነኛው ቀን የእነዚህ ልጆች አሳዳጊዎች በልዩ ልዩ አገሮች ይህን ጉዳት የሚያሳስብ ቀን አክብረዋል። ዘጠኝ ቁጥርን የመረጡት የእርግዝናን ዘጠኝ ወራት ለማስታወስ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 9 ቀን ይታሰባል።

ሰ) ከእኛ ከተማሪዎች ምን ይጠበቃል

በአገራችን በ1995 በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በአሳዳጊ ተቋሞች ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውንም ዓለም አቀፍ ስምምነት ኢትዮጵያ በ2010 አጽድቃለች። እንግዲህ መሠረቱ ተጥሏል ማለት ነው። የጎደለው ሕጉን ከልጁ ጋር የሚያገናኝ፣ ልጁን አይቶ የሚያውቅ ሰው ነው።

ከመካከላችን ነገ መምህር፣ ሐኪም፣ አዋላጅ ነርስ፣ ዳኛ ወይም ጠበቃ የሚሆነው ብዙ ነው። መምህር የሚሆነው፣ አንድ ተማሪ ያንኑ ጥፋት ለአሥረኛ ጊዜ ሲደግም ዱላውን ከመጨመሩ በፊት ዘጠኙ ቅጣት ለምን እንዳልሠራ ይመርምር። ሐኪምና አዋላጅ የሚሆኑት፣ ስለ መጠጥ ሲጠይቁ ለሁሉም ሴት እኩል፣ ያለ ፊት ማጥቆር ይጠይቁ፤ መልሱንም በምስጢር ይጠብቁ። በፍርድ ወንበር የሚቀመጠው፣ ቶሎ «አዎን» የሚለውን ወጣት ተከሳሽ የተጠየቀውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር ያድርገው።

ይህን ለማድረግ ትልቅ ገንዘብ ወይም አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም። «ለምን እምቢ አለ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «የትኛው ነገር አቃተው?» ብለን የመጠየቅ ልማድ ብቻ ነው የሚያስፈልገን። ይህን ልማድ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ታናናሾቻችንን በምናስጠናበት ጠረጴዛ ላይ ልንጀምረው እንችላለን።